ያገለገለ ካሜራ ውስጥ ምኑ ነው የሚያረጀው?

ኪሱ ያልፈቀደለት ካሜራ ገዢ ሁለት ነገር ያማርጣል፦ ካርቶኑ ያልተከፈተ ርካሽ ካሜራ፣ ወይም በዚያው ዋጋ ባለሙያ ሲሠራበት የቆየ ትልቅ ካሜራ። ብዙዎች «ያገለገለ» የሚለውን ሲሰሙ ዕቃው ከዳር እስከ ዳር ያለቀ ይመስላቸዋል። የካሜራ ክፍሎች ግን እኩል አያረጁም።

ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ሴንሰር የሚንቀሳቀስ ነገር የሌለው የሲሊከን ቁራጭ ነው፤ መቶ ሺህ ፎቶ ስላነሳ አይፋቅም፣ አይላላም። ለምስሉ ጥራት ከዕድሜው ይልቅ ስፋቱ ይበልጣል። ብርሃን የሚመጣው ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ነው፤ አመጣጣቸውም ወጥ አይደለም። አንዲት የምስል ነጥብ በአማካይ 100 ፎቶን ከደረሳት ቁጥሩ በ10 ያህል ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህ 10 በመቶ ነው። 10,000 ከደረሳት ግን መዋዠቁ 100 ቢሆንም 1 በመቶ ብቻ ነው። ማታ በተነሳ ፎቶ ጥላ ውስጥ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ፣ ፎቶ አንሺዎች ኖይዝ የሚሉት፣ አንዱ ዋና ምንጩ ይኸው ነው።

የብዙ ርካሽ የኪስ ካሜራዎች ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ነው፤ በስፋት 30 እጥፍ ይበልጣል። በተመሳሳይ የሌንስ መክፈቻና ፍጥነት 30 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል ማለት ነው። ይህን ልዩነት አዲስነት ብቻውን አይሞላውም። ሜጋፒክስልም ቢሆን አያሳስብም፦ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ካነን 5ዲ ማርክ 2 ባለ 21 ሜጋፒክስል ነው፤ ኤ4 ወረቀት ላይ ጥርት አድርጎ ለማተም 9 ይበቃል።

የሚያረጀው ሻተሩ ነው። ሁለት ስስ መጋረጃዎች በሴንሰሩ ፊት ተከታትለው ይወረወራሉ፤ 24 ሚሊሜትሩን በጥቂት ሺህኛ ሰከንድ አቋርጠው ወዲያው ቀጥ ይላሉ። አምራቹ ለ5ዲ ማርክ 2 ሻተር የሰጠው ግምት 150,000 ጊዜ ነው። አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ በአንድ ሠርግ 2,000 ፎቶ ቢያነሳ በ75 ሠርግ ይሞላዋል። ቁጥሩ አማካይ ግምት ስለሆነ ካሜራው እዚያ ሲደርስ ይቆማል ማለት አይደለም፤ ዋጋ ለመከራከር ግን ጥሩ መሣሪያ ነው። የኒኮን ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ሻተር ካውንቱን፣ በየፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፉታል። አብዛኞቹ ካነኖች ግን አይጽፉትም፤ በሶፍትዌር ማስነበብ ያስፈልጋል። ሻጩ የፎቶ ፋይሉን ስም አሳይቶ «ገና ሦስት ሺህ ነው» ቢል አይመኑት፤ ያ ቁጥር 9999 ሲደርስ እንደገና ከ1 ይጀምራል።

ሌላው ጠላት ሻጋታ ነው። ክረምቱን በቆዳ ቦርሳ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አሲድ የመስታወቱን ቅብ ይበላዋል። ከተበላ በኋላ ማጽዳት አይመልሰውም። የስልክ ባትሪ መብራት በሌንሱ ጀርባ አብርተው ከፊት አሾልከው ይዩ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየዎት በቅናሽ ቢሰጥዎትም ይተዉት።

ሴንሰሩም ፈጽሞ አይነካም ማለት አይደለም። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር አንዳንድ ነጥቦችን ያበላሻል፤ ጨረሩ ደግሞ ከፍታ ላይ ይበረታል፣ አዲስ አበባም 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሌንሱን ክዳን ሳያነሱ በ30 ሰከንድ ፎቶ አንስተው ቢያጎሉት የተበላሹት ነጥቦች በጥቁሩ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም ነጭ ሆነው ይበራሉ። ጥቂት ቢሆኑ ችግር የለውም።

አዲስ የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። ሥራዎ በአብዛኛው ቪዲዮ ከሆነ፣ ወይም የሚሮጥ ሕፃን ዓይን ላይ ፎከስ ይዞ እንዲከተልልዎት ከፈለጉ፣ የቅርብ ዓመታት ካሜራዎች ከድሮዎቹ በብዙ ይሻላሉ። ዋስትናም የሚያገኙት በአዲሱ ነው።

ለፎቶ ብቻ ከሆነ ግን እኔ ያገለገለ ቦዲ፣ ማለትም ካሜራውን ያለ ሌንሱ፣ እገዛና የተረፈውን ለሌንስ አውለዋለሁ። ካነን እ.ኤ.አ. በ1987 ያስተዋወቀው የኢኤፍ ሌንስ እ.ኤ.አ. በ2018 በጀመረው የአርኤፍ ካሜራ ላይ በአዳፕተር ይሠራል፤ ስለዚህ ቦዲው ቢለወጥም ሌንሱ አብሮ ይሻገራል።