አፕሊኬሽን ሲታደስ አማርኛው ለምን ይለወጣል?

ትናንት በአማርኛ ይነበብ የነበረ የስልክ ገጽ ዛሬ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆኖ ይገኛል። አንዳንዴም የለመድነው ቃል ይጠፋና ሌላ ግራ የሚያጋባ ቃል ይተካል። ብዙ ወላጆችና ሽማግሌዎች «ምን ነክቼ አበላሸሁት?» ይላሉ። እርስዎ ያበላሹት ነገር የለም። እኛ በማኅበረሰቡ ውስጥ የምንሠራ ነርሶች ይህን ጉዳይ ያነሳነው የመድኃኒት ማስታወሻና የቀጠሮ መልእክት ዛሬ በስልክ ስለሚነበብ፣ የአንድ መስመር ስሕተትም ጤናን ሊጎዳ ስለሚችል ነው።

ትርጉሙ የሚመጣው ከየት ነው?

ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ሁሉን ነገር ከባዶ አይጀምሩም። ሌሎች ሠርተው ለሁሉም ያስቀመጡትን ዝግጁ ኮድ ወስደው በራሳቸው ሥራ ውስጥ ያስገባሉ። ይህን ዝግጁ ኮድ «ላይብረሪ» ይሉታል። ለትርጉም ከሚያገለግሉት መካከል እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው «ጌትቴክስት» ይገኝበታል። አሠራሩ እንደ መዝገብ ነው፤ በአንድ በኩል እንግሊዝኛው፣ በሌላ በኩል የእኛ ቋንቋ ይጻፋል።

መዝገቡ ቃል ብቻ ሳይሆን የቋንቋውን ደንብም ይይዛል። በዕብራይስጥ አንድ ሲሆን «ዮም»፣ ሁለት ሲሆን «ዮማይም»፣ ሦስት ሲሆን «ያሚም» እንላለን። በአማርኛ ግን «1 ቀን» ካልን በኋላ 2ም ሆነ 3 «ቀናት» ነው። ይህን ደንብ ለኮምፒውተሩ ካልነገሩት የሌላውን ቋንቋ ደንብ በእኛ ላይ ይጭናል።

ምንጩና መስኖው

ላይብረሪውን የሚጠብቁት ሰዎች የወንዝ ምንጭ ላይ እንዳሉ ያህል ናቸው። ከእነርሱ ወስደው የሚጠቀሙት ደግሞ ከታች ሆነው በመስኖ የሚያጠጡ ገበሬዎችን ይመስላሉ። ምንጩ ላይ አንድ ቃል ቢታረም ያ እርማት በራሱ ወደ ታች አይደርስም። ከታች ያለው ሰው ቦዩን ከፍቶ አዲሱን ሥራ ከራሱ ሥራ ጋር ማዋሃድ አለበት።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከታች ያሉት ሰዎች አንድ የአማርኛ መስመር አርመው ለምንጩ ሳይነግሩ ቀርተዋል እንበል። ምንጩም ያንኑ መስመር በሌላ መንገድ ለውጦታል። በሚዋሃዱበት ጊዜ ሁለቱ ይጋጫሉ። ብዙ ፕሮግራም ሠሪዎች የሚጠቀሙበት «ጊት» የተባለው መሣሪያ በዚህ ጊዜ ቆም ብሎ «የትኛው ይቅር?» ብሎ ሰውን ይጠይቃል። የሚመርጠው ሰው አማርኛ ካላነበበ የምንጩን ወስዶ ያልፋል፤ ከታች የታረመው ትክክለኛ ቃልም ይጠፋል። ስለዚህ እርማት መላክ ያለበት ወደ ምንጩ ነው። ከዚያ በኋላ በሚቀጥለው ውህደት ራሱ ተመልሶ ይመጣል።

አጠራጣሪ የሚል ምልክት

የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ሲለወጥስ? ለምሳሌ «በቀን 1 ጊዜ 1 ኪኒን ይውሰዱ» የሚለው «በቀን 2 ጊዜ» ተብሎ ተቀየረ እንበል። ጌትቴክስት የድሮውን አማርኛ ከአዲሱ እንግሊዝኛ ጎን ያስቀምጥና «አጠራጣሪ» የሚል ምልክት ያደርግበታል። ሰው አይቶ እስኪያጸድቀው ድረስ በተለመደው አሠራር አማርኛው አይታይም፤ በቦታው እንግሊዝኛው ይወጣል። ግማሹ ገጽ እንግሊዝኛ ከሚሆንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ያናድዳል፣ ነገር ግን ጥበቃ ነው። ከዚህ የከፋው አንድ ሰው ሥራውን ለመጨረስ ቸኩሎ፣ ሳያነብ ምልክቱን ሲያነሳ ነው። ያኔ እንግሊዝኛው «2 ጊዜ» እያለ የእኛ አማርኛ «1 ጊዜ» ብሎ ይቀራል።

ሰዓትም ሌላው ወጥመድ ነው። ስልኩ «8:00 ጥዋት» ሲል በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ስምንት ሰዓት ሲባል የሀገር ቤቱን የሚያስብ አባት ግን መድኃኒቱን ቀን በ8 ሰዓት፣ ማለትም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወስዳል። ቃሉ ትክክል ሆኖ መልእክቱ ሊስት ይችላል።

ምን እናድርግ?

1. የመድኃኒት መጠንና ሰዓት በስልክ ትርጉም ብቻ አይወሰን። ከማሸጊያው ላይ ካለው የፋርማሲ ጽሑፍ ጋር ያስተያዩት፤ ካልተስማማ ፋርማሲስቱን ወይም ነርሷን ይጠይቁ።

2. በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ ስለ ሕክምናዎ የሚሰጥዎ ማብራሪያ በሚገባዎ መንገድ እንዲሆን ያዛል። «አልገባኝም፣ አማርኛ የሚችል ሰው ጥሩልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

3. የተሳሳተ አማርኛ ሲያዩ ልጅዎ የገጹን ፎቶ ያንሳ። ቀኑን፣ የአፕሊኬሽኑን ስምና መሆን የነበረበትን ቃል ጻፉ። አፕሊኬሽኑ የድርጅት ከሆነ ለደንበኞች አገልግሎት ይላክ። ለሁሉም ክፍት የሆነ የጋራ ሥራ ከሆነ ግን ልጅዎ እርማቱን ራሱ ለምንጩ መላክ ይችላል።

ለወጣቶቻችን

ይህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ የሚሠራ ነው፤ ደመወዝ እንዳይጠብቁበት አስቀድመን እንናገራለን። ይሁን እንጂ በክፍት ሶፍትዌር ውስጥ የተቀበሉት እርማት አብዛኛውን ጊዜ ከላኪው ስም ጋር ተመዝግቦ ይቀራል። በኮምፒውተር ሙያ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ይህን ለቀጣሪ ሊያሳይ ይችላል።

ልጆቻችን ኮዱን ያውቃሉ፤ ብዙዎቹ ግን አማርኛ ማንበብ ይከብዳቸዋል። ለእናት «ውሰድ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ለሽማግሌ «ይውሰዱ» መባል እንዳለበት ቶሎ የሚያስተውለው ወላጅ ነው። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ስላለው ኮምፒውተሩ ልዩነቱን አያውቅም። ስለዚህ ልጅ ኮዱን ይክፈት፣ እናትና አባት አማርኛውን ያንብቡ። ምልክቱ የሚነሳውም አማርኛ የሚያነብ ሰው መስመሩን ካየው በኋላ ብቻ ይሁን።