ትንሽ ቁስል፣ ታላቅ አደጋ፦ በፍጥነት ስለሚዛመት የቆዳ ኢንፌክሽን



ከንግሥ በዓል ሲመለስ እግሩን እሾህ የወጋው ሰው ለጉዳዩ ብዙም አይጨነቅም። እሾሁን ነቅሎ፣ ደሙን ጠርጎ ወደ ሥራው ይሄዳል። በማግሥቱ ግን የተወጋው ስፍራ ያብጣል፤ ይቀላል፤ ሲነኩትም ያተኩሳል። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ቁርጭምጭሚቱን አልፎ ወደ ባቱ ይወጣል፤ ሰውየው ብርድ ብርድ ይለዋል፤ በብሽሽቱም ንፍፊት ይወጣበታል። በቤት ያሉት «ምች መትቶት ነው» ይላሉ፤ አንዱ ቅጠል ፍለጋ ይወጣል፤ ሌላው «ዛሬን ይደር፣ ነገ ይሻለዋል» ይላል። በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለዚያች «ነገ» ነው። አንዳንድ የቆዳ ሕመም ነገን ይጠብቃል፤ አንዳንዱ ግን አይጠብቅም። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ደግሞ እግርን፣ ሲብስም ሕይወትን ያተርፋል።

ቆዳ የሰውነት ቅጥር ነው

ቆዳ ከአካላችን ክፍሎች ሁሉ ሰፊው ነው። የአንድ አዋቂ ሰው ቆዳ ቢዘረጋ ወደ 2 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። እግዚአብሔር ለሰውነታችን የሠራው ቅጥር ነውና በውጭ ያለው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከላከላል። በቆዳችን ላይ፣ በአፍንጫችንና በጉሮሯችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከእነዚህ መካከል ስታፊሎኮከስ እና ስትሬፕቶኮከስ የሚባሉት ቅጥሩ እስካልተሰነጠቀ ድረስ ብዙ ጊዜ ጉዳት አያደርሱም።

ቅጥሩ ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል። የእሾህና የምስማር ውጋት፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ቃጠሎ፣ የነፍሳት ንክሻ፣ በጥፍር የተፋቀ እከክ ሁሉም በር ይከፍታሉ። ብዙዎቻችን የማናስተውለው በር ደግሞ በእግር ጣቶች መካከል ያለው ነው። በእርጥበትና በፈንገስ ምክንያት የሚላጠውና የሚያሳክከው ይህ ስፍራ የብዙ እግር ኢንፌክሽን መነሻ ነው። በባዶ እግር ረጅም መንገድ ለሚጓዙ ተሳላሚዎች፣ በመኅሌትና በቅዳሴ ብዙ ሰዓት ለሚቆሙ አገልጋዮች፣ በጭቃ ውስጥ ለሚያርሱ ገበሬዎች ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ኢንፌክሽኑ እንዴት ይዛመታል?

የቆዳ ኢንፌክሽን ክብደቱ በገባበት ጥልቀት ይለያያል። በላይኛው የቆዳ ክፍል ብቻ ሲቀር በሕፃናት አፍና አፍንጫ ዙሪያ እንደምናየው የማር መልክ ያለው ቅርፊት ይሠራል። በጸጉር ሥር ገብቶ መግል ሲቋጥር ቡግንጅ ይሆናል። ወደ ታችኛው የቆዳ ክፍልና ከሥሩ ወዳለው ስብ ሲወርድ ግን በአንድ ቦታ ተወስኖ አይቀመጥም፤ እንደፈሰሰ ዘይት ወደ ጎን ይሰፋል። ሐኪሞች ሴሉላይትስ የሚሉት ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ እግር ላይ ይታያል፤ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል፤ ትኩሳትም ያስከትላል። በጊዜ ከተደረሰበት በሚዋጥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይድናል። ከዘገየ ግን ወደ ደም ገብቶ መላ አካልን ሊያውክ ይችላል።

ከዚህም የከፋ፣ ነገር ግን በብዛት የማያጋጥም አለ። ባክቴሪያው ጡንቻን ወደሚሸፍነው ስስ ሽፋን ከደረሰ መርዙ የደም ሥሮችን ይዘጋል፤ ደም ያልደረሰው ሥጋም ይሞታል። ይህ በሽታ በቀናት ሳይሆን በሰዓታት ይሰፋል። ደም በማይደርስበት ስፍራ መድኃኒትም ስለማይደርስ በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ የሞተው ሥጋ በቀዶ ሕክምና በፍጥነት መወገድ አለበት። ሕክምና አግኝተው እንኳ ከ5 ሕሙማን እስከ 1 የሚደርሱት በዚህ ሕመም ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ የሚዘገይበት እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ ያስከፍላል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ከታየ ሌሊትም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን፣ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

- ሕመሙ በዓይን ከሚታየው ቁስል ጋር የማይመጣጠን ሲሆን፤ ቁስሉ ትንሽ ሆኖ ሰውየው ግን መቋቋም ሲያቅተው፣
- እብጠቱ ወይም መቅላቱ በሰዓታት ውስጥ ሲሰፋ፣
- ቆዳው ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ጥቁር ሲለወጥ፣ ውኃ ሲቋጥር፣ ወይም ሲያም የነበረው ስፍራ በድንገት ሲደነዝዝ፣
- ከቁስሉ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ቀይ መስመር ሲታይ፣
- ከፍተኛ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ ትውከት፣ የትንፋሽ መፍጠን ወይም መቃዠት ሲኖር፣
- ሕመሙ በዓይን ዙሪያ ወይም በፊት ላይ ሲሆን።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ብዙ መጻሕፍት «ይቀላል» እያሉ የሚጽፉት በነጣ ቆዳ ላይ ስለሚታየው ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ ላይታይ፣ ይልቁንም ጠቆር ብሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አንፍረድ፤ በእጃችን ጀርባ ሙቀቱን እንዳስስ፤ ሁለቱን እግሮችም እናስተያይ። የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ አረጋውያን፣ አራስ ሕፃናት፣ በሌላ ሕመም የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሰዎች ምልክቱ ቀላል ቢመስል እንኳ ሳይዘገዩ መታየት አለባቸው። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል ቁስሉ ላያመው ይችላል፤ አለማመሙም ደኅና መሆኑን አያሳይም።

ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያሳዩናል?

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 በቆዳ ላይ ምልክት የታየበት ሰው ወደ ካህኑ እንዲመጣ ታዝዟል። ከቡግንጅና ከእሳት ቃጠሎ ጠባሳ ላይ የሚነሣው ሳይቀር ተዘርዝሯል። ካህኑ አይቶ ለሰባት ቀን ይለየዋል፤ ከዚያም ምልክቱ በቆዳው ላይ መስፋቱንና አለመስፋቱን ዳግመኛ ይመረምራል። ምዕራፉ የሚናገረው ስለ ለምጽ ሕግ እንጂ ስለ ዛሬው ሕክምና አይደለም፤ ሆኖም የቆዳ ምልክት እንዳይናቅ፣ እንዳይደበቅና መስፋቱ በጥንቃቄ እንዲታይ የሚያስተምር ነው። ዛሬም ሐኪሞች የእብጠቱን ዳር በብዕር አስምረው ከመስመሩ ማለፉን ይከታተላሉ። እኛም ወደ ሕክምና በምንሄድበት መንገድ ላይ ይህን ማድረግና ሰዓቱን መጻፍ እንችላለን።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ በእንባ ጸለየ። እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰምቶ በዕድሜው 15 ዓመት ጨመረለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ይህን ተስፋ ከነገረው በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቁስሉ ላይ እንዲያኖሩ አዘዘ (2ኛ ነገሥት 20)። የመዳን ቃል ተሰጥቶ ሳለ መድኃኒት መታዘዙ ጸሎትና ሕክምና እንደማይጣሉ ያስረዳናል። ደጉ ሳምራዊም ለቆሰለው ሰው ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረለት። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበረ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ በቂሳርያ ለድኆችና ለሕሙማን መጠለያ ሠርቷል፤ ሕክምናም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት አስተምሯል።

በሀገራችንም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ በ1999 ዓ.ም. በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል። ለቁስልና ለኢንፌክሽንም ነገሩ ያው ነው። ጸበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ መድኃኒቱን አያቋርጥ። ክፍት ቁስል ያለበትም ፎጣና ልብስ ከሌላው ጋር አይጋራ። በጾም ወቅት መድኃኒት መውሰድ የሚያስጨንቀው ካለ ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሕሙማን የሚራራ ነውና።

መድኃኒት ሲያልቅ የሞተው ሰው

ዛሬ በእጃችን ያለው መድኃኒት ምን ያህል ውድ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ እናንሣ። ፔኒሲሊን በ1928 እ.ኤ.አ. ቢገኝም ለሕመምተኛ የሚበቃ መጠን ማዘጋጀት ለብዙ ዓመታት አልተቻለም ነበር። በ1941 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በእንግሊዝ ኦክስፎርድ አንድ ፖሊስ በፊቱ ላይ ከደረሰበት ትንሽ ጉዳት በተነሣ ኢንፌክሽን ታሞ በሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ኢንፌክሽኑ ወደ ራስ ቅሉ ቆዳና ወደ ዓይኑ ተዛምቶ አንድ ዓይኑን አሳጥቶታል። ፔኒሲሊን በተሰጠው ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ለውጥ ታየበት፤ ትኩሳቱ ወረደ፤ መብላትም ጀመረ። ነገር ግን መድኃኒቱ ጥቂት ነበር። ሐኪሞቹ ከሽንቱ እያጣሩ መልሰው እስከ መስጠት ቢደርሱም አለቀባቸው። ሕመሙ አገርሽቶ ሰውየው በመጋቢት ወር ሞተ።

እርሱ የሞተው መድኃኒቱ ከመዳኑ በፊት ስላለቀበት ነው። እኛ ግን መድኃኒቱ በእጃችን ሳለ «ተሽሎኛል» ብለን በሁለተኛው ቀን እናቋርጠዋለን፤ የተረፈውንም ለጎረቤት እናካፍላለን። በዚህም ሕመሙ እንዲያገረሽ፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን እንዲለማመድ ምክንያት እንሆናለን።

ማድረግ የሚገባንና የማይገባን

ትንሽ ቁስል ሲደርስብን ወዲያውኑ በንጹሕ ውኃና በሳሙና እንጠበው፤ በንጹሕ ጨርቅም እንሸፍነው። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም አፈርና ዝገት ከነካው ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሐኪም እንጠይቅ። ያበጠ እግር ትራስ ላይ ከፍ ብሎ ይረፍ። የታዘዘልን መድኃኒት በሰዓቱ ተወስዶ እስከ መጨረሻው ይለቅ። በመድኃኒት ላይ ሳለን እብጠቱ ከሰፋ ወይም ሕመሙ ከበረታ ተመልሰን እንታይ።

ቡግንጅን በጥፍር መፍረጥ፣ ያበጠውን መብጣት፣ ቁስል ላይ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ አፈር ወይም እበት ማድረግ ጎጂ ነው። ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን መነስነስም ከሥር ያለውን ኢንፌክሽን አያድንም። የሕመም ማስታገሻ ብቻ እየዋጡ መቆየት ደግሞ ምልክቱን ሸፍኖ ጊዜን ይሰርቃል።

በደጋማ ቀይ አፈር አካባቢ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር የሠሩ ወገኖቻችን የሚያገኛቸው የእግር ዝሆኔም ሊታሰብ ይገባዋል። ያበጠ እግር ለኢንፌክሽን የተጋለጠ ነው፤ በየጊዜው የሚነሣው ትኩሳትና ሕመም እብጠቱን ያብሳል። በየዕለቱ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶች መካከል ማድረቅ፣ ቆዳውን ማለስለስና ጫማ ማድረግ ይህን በእጅጉ ይቀንሳል። ከቀይ አፈር የሚመጣው ይህ ሕመም አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በእግሩ ምክንያት ከማኅበር የሚሸሽ ወንድም ወይም እኅት እንዳይኖረን እንጠንቀቅ።

ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ

እስካሁን ያየነው በአንድ ሰው አካል ላይ የሚሰፋውን ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚዛመተው ደግሞ እከክ ነው። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ውኃ ባጠረባቸው የአማራ ክልል ወረዳዎችና በሌሎችም አካባቢዎች በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ እንደነበር እናስታውሳለን። በጠባብ ጎጆ ተጨናንቀው የሚኖሩ የአብነት ተማሪዎችም በተደጋጋሚ ይጠቁበታል። ሌሊት የሚብስ ማሳከክ፣ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ የሚታይ ሽፍታ ዋና ምልክቱ ነው። ብዙዎች ይንቁታል፤ ነገር ግን በተፋቀው ቆዳ በኩል ስትሬፕቶኮከስ ሲገባ ከሳምንታት በኋላ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። እከክ የያዘው ልጅ ፊቱ ካበጠ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ፈጥኖ ይታይ። ሕክምናውም ለአንዱ ብቻ ከሆነ አይሠራም፤ አብረው የሚኖሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ መታከም፣ ልብሳቸውና አንሶላቸውም በሙቅ ውኃ መታጠብ አለበት። ለአብነት ትምህርት ቤቶች ልብስና እህል የምንሰጥ ምእመናን ሳሙናንና የጤና ባለሙያ ጉብኝትን ብንጨምር መልካም ነው።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ሆኖ በአደራ የተሰጠን ነው። አደራ ደግሞ ይጠበቃል። በቤታችን ያበጠ እግር፣ የማይሻል ቁስል፣ «ያልፋል» እየተባለ የሚያድር ትኩሳት ካለ ዛሬውኑ እንመልከተው። ሕመምተኛውን ደግፈን ወደ ሐኪም እናድርሰው፤ እየጸለይንለትም አብረነው እንሂድ።