ሳሎን እና ጓዳ፦ በዶርዜ የቤት ጉብኝት የሚታየውና የማይታየው

መንገደኛ የደረሰበትን አገር ኑሮ እንደ ነዋሪው ሆኖ ማየት ሲሻ ከሙዚየም ይልቅ የሰው ቤት ይመርጣል። በቤት ውስጥ የሚታየው ለገበያ ያልተሰናዳ እውነተኛ ሕይወት ነው ብሎ ያምናልና። ይህ አጭር ጽሑፍ እምነቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚያዛልቅ በጋሞ ደጋ በምትገኘው በዶርዜ ምሳሌነት ይመረምራል።

ለጥያቄው መነሻ የሚሆነው አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዲን ማካኔል እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረበው ሐሳብ ነው። ቀደም ሲል ኧርቪንግ ጎፍማን የሰውን ማኅበራዊ ኑሮ በመድረክ መስሎ «ፊት» እና «ጀርባ» ብሎ ከፍሎት ነበር። ማካኔል ይህን ክፍፍል ወደ ቱሪዝም አምጥቶ፣ ጎብኚ ዘወትር ጀርባውን ለማየት እንደሚጥር፣ በአንጻሩም ጀርባ የሚመስል ሌላ ፊት ሊሰናዳለት እንደሚችል አስረዳ። በእኛ አነጋገር፣ ጓዳ ገባሁ ያለ እንግዳ ጓዳ መስሎ በተሰናዳ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል ማለት ነው።

ዶርዜ ከአርባ ምንጭ ከተማ በላይ፣ ወደ ጨንቻ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ቤቱ ከቀርከሃ ተጎንጉኖ የሚቆም ረጅም ጎጆ ሲሆን፣ ወደ ፊት የወጣው መግቢያው የዝሆን ራስ ያስመስለዋል። ምስጥ ሥሩን እየበላው ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት ያጥራል፤ ስለዚህም ቁመቱ ዕድሜውን ይናገራል። እንግዳ ሲገባ ብዙውን ጊዜ የእንሰት አፋፋቅን፣ የቆጮ አጋገርን፣ የሴቶችን ፈትልና የወንዶችን ሽመና ይመለከታል፤ ቆጮውንም በማርና በዳጣ ይቀምሳል።

ታዲያ ይህ ትዕይንት ነው ወይስ ኑሮ? ሁለቱንም ነው። የተፋቀ እንሰት በቅጠል ተሸፍኖ በጉድጓድ ውስጥ ሳምንታትን፣ አልፎም ወራትን መብላላት አለበት። በአንድ ሰዓት ጉብኝት ሲፋቅ የታየው እንሰትና የተቀመሰው ቆጮ፣ እንግዲህ፣ አንድ ሊሆኑ አይችሉም። ጉብኝቱ ረጅሙን የሴቶች ድካም አሳጥሮ ያቀርባል። ቢሆንም ሐሰት አያሰኘውም፤ እንግዳው ከሄደም በኋላ ቤተሰቡ ያንኑ ቆጮ ይበላልና። ሽመናውም እንዲሁ ነው፤ የዶርዜ ሸማኔዎች በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ኑሯቸውን የመሠረቱት ተመልካች ስላገኙ ሳይሆን ለባሽ ስላላቸው ነው። በዚያው ልክ ጎብኚው የማያየው ነገር አለ፦ ለሥራ ርቆ የሄደውን የቤተሰብ አባል ባዶ ቦታ።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ ዋናው ጥያቄ የታየው ነገር ተሰናድቷል ወይስ አልተሰናዳም የሚለው አይደለም። ለእንግዳ ቤቱን ጠርጎ፣ ቄጠማ ጎዝጉዞ፣ ቡና አፍልቶ የሚቀበል ሰው ሁሉ ያሰናዳል፤ መሰናዳቱ ራሱ የአክብሮት ወግ ነው። ወሳኙ ጥያቄ ምን እንደሚታይና ምን እንደሚሸፈን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። ውሳኔው የአስጎብኚው ወይም የጎብኚው ብቻ ሲሆን፣ ሴቲቱ በገዛ ምድጃዋ ዘንድ ተቀጣሪ ትሆናለች፤ ልጆቿ ሳይጠየቁ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ቤቱን ማሻሻል ብትፈልግ እንኳ «ጥንታዊ መልኩ ጠፋ» ትባላለች። ውሳኔው የባለቤቶቹ ሲሆን ግን ክፍያው የድካማቸው ዋጋ፣ ገመናቸውም የራሳቸው ይሆናል።

በላሊበላ አካባቢ በመቄት ደጋዎች የተሞከረው አሠራር ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በዚያ ማኅበረሰቡ ለእንግዳ ብቻ የሚሆኑ ጎጆዎች አዘጋጅቶ ራሱ ያስተዳድራል፤ ገቢውም የጋራ ነው። እንግዳው በሰው ጓዳ አያድርም፤ ነገር ግን ከመንደሩ ሰዎች ጋር ይጓዛል፣ ማዕዳቸውን ይቀምሳል፣ ይጨዋወታል። የጓዳው በር መዘጋቱ ከኑሮው አላራቀውም።

ስለሆነም የአገሬውን ሕይወት ለማወቅ የሚሻ መንገደኛ ጀርባውን ለማየት ከመጣጣር ይልቅ፣ የተጋበዘበትን ሳሎን በቅጡ ቢያውቀው የበለጠ ይማራል። አስተናጋጁ ሊያሳይ የመረጠው፣ ሊደብቅም የመረጠው፣ ስለ ክብርና ስለ ኑሮ ያለውን አስተሳሰብ ይነግረዋልና።