በተማሪ የሚሠራ ቡድን እንዴት ይያዛል?

በልደታ ግቢያችን ከትምህርቱ ጎን ለጎን የሚሠራ ተማሪ ጥቂት አይደለም። አንዱ ለግል ቢሮ ድሮዊንግ ይሠራል፣ ሌላዋ ሞዴል ትቆርጣለች፣ ጀማሪዎችን በክፍያ የሚያስጠናም አለ። ሥራው ሲበዛ አንዱ ጓደኞቹን ሰብስቦ ማከፋፈል ይጀምራል። ሳያስበው አለቃ ሆነ ማለት ነው። የምንጽፈው ለእሱና ለእሷ ነው።

የተማሪ ቡድን አስቸጋሪነቱ ሠራተኛው እንደሚሄድ አስቀድሞ መታወቁ ነው። የለመደው ልጅ ይመረቃል፤ በቦታው ምንም የማያውቅ ይመጣል። ስለዚህ የአለቃው ትልቁ ሥራ ርክክብ ነው።

መድረሳ ያደግን ይህን እናውቀዋለን። በወሎ አንድ ሸህ ያን ሁሉ ደረሳ ይዞ የሚዘልቀው ሁሉንም ብቻውን እያስቀራ አልነበረም። የገፋው ደረሳ ጀማሪውን ያስቀራል፣ ሸሁ ደግሞ የገፋውን። አንዱ ወደ ሌላ ሸህ ቢሄድ ቂርኣቱ አይቋረጥም። እኛም አዲሱን ልጅ ነባሩ ከመሄዱ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ቀድመን አጠገቡ እናስቀምጠው። የአሠራር ማስታወሻውን ደግሞ አዲሱ ይጻፈው፣ ነባሩ ያርመው። ነባሩ ከጻፈው ለእሱ ግልጽ የሆነውን ሁሉ ይዘለዋል፤ የፋይል አሰያየም፣ የማተሚያ ቤቱ ሰዓት፣ ስኬሉን ማን እንደሚያረጋግጥ።

በሀገራችን ተማሪን በብዛት ያሠማራ አንድ ነባር ምሳሌ አለ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይወጡ ነበር፤ አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሩ። ያ ግን የመመረቂያ ግዴታ ስለነበር ተማሪው ጥሎ መሄድ አይችልም። የእኛን ቡድን እንዲህ የሚያስር ነገር የለም። የሚያቆየው ክፍያውና ፕሮግራሙ ነው።

ክፍያን በተመለከተ «ወንድማማቾች ነን» ተብሎ ዋጋ ሳይነገር የሚጀመር ሥራ ወንድማማችነቱን ይበላዋል። ስንት፣ መቼ፣ ደንበኛው ቢዘገይስ ማን ይሸከማል? ሦስቱም ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይጻፉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ እንዲሰጥ ያዛል። አዋጁ የተማሪን ትንሽ ሥራ ነካም አልነካ፣ ልማዱ ለእኛ ይጠቅማል። የተቀበሉትን ገንዘብ ይዞ ማዘግየትማ ያው አማና ማጉደል ነው።

ፕሮግራም ስናወጣ የሁሉንም ፈተና ቀን አንድ ወረቀት ላይ እናስፍር። የመንግሥት ቢሮዎች ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ያርፋሉ፤ እኛም በዚያ ሰዓት ተራ አንመድብ። በረመዷን ከመግሪብ በፊት ያለችውን ሰዓት ሙስሊም ላልሆነው ጓደኛችን ብንሰጠው፣ የእሁድ ጠዋቱንና የጥምቀቱን ተራ እኛ እንሸፍንለታለን። ይህም ቀድሞ ይነገር፤ በዋዜማው ሲጠየቅ ልመና ይመስላል።

ልጁን ማሳደግ ላይ ብዙዎቻችን ደካሞች ነን። ስኬሉ ተሳስቶ ከታተመ አለቃው ላፕቶፑን ነጥቆ ራሱ ያስተካክለዋል፤ ያፈጥናል እርግጥ፣ ልጁ ግን ምንም አልተማረም። ጊዜ ካለ እሱ ያርመው፣ እኛ አጠገቡ እንቀመጥ። ሁለተኛ ዓመት ሲደርስ ደንበኛው ዘንድ ይዘነው እንሂድ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ዋጋውን እሱ ይናገር።