የላፕቶፕ ፋን አልቆም ሲል ከየት እንጀምር?



በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ ብዙ ቤት ያለው ላፕቶፕ አንድ ብቻ ነው። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የመድረሳው ኡስታዝ የልጆቹን ውጤትና የደርስ ቅጂዎቹን የሚያስቀምጠው እዚያው ላይ ነው። ፋኑ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዝም ብሎ ማለፍም ሆነ ከአምቦ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ድረስ መውሰድ ተገቢ አይደለም፤ መጀመሪያ በእጃችን የምንሠራው ምርመራ አለ።

ላፕቶፑን ከፍተን ያለ ሥራ ሩብ ሰዓት ያህል እናቆየው። ልክ ሲከፈት ዊንዶውስ ራሱን ስለሚያድስ የዚያን ጊዜው ጩኸት አይቆጠርም። ከዚያ እጃችንን አየር ወደሚወጣበት እናስጠጋ። አየሩ ትኩስና ኃይለኛ ከሆነ ፋኑ ሥራውን እየሠራ ነው፤ የሚያሞቀው አንድ ፕሮግራም ነው። ድምፁ ትልቅ ሆኖ አየሩ ደካማ ከሆነ መውጫው በአቧራ ተደፍኗል። አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ከዞረ ደግሞ የሙቀት መለኪያው ወይም ፋኑን የሚያዘው ክፍል ተሳስቷል፤ ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ተጭኖ መያዝ አንዳንዴ ያስተካክለዋል።

ፕሮግራሙን ለማወቅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነን ታስክ ማናጀርን እንክፈት። «ሲፒዩ» የሚለውን ስንጫን ብዙ የሚበላው ከላይ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ በርካታ ገጽ የተከፈተበት ብራውዘር ነው። እኛን የሚያሳስበን ግን በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው «ክራክ» ነው። አንዳንዱ ውስጥ የላፕቶፑን ጉልበት ለማናውቀው ሰው ክሪፕቶ ማምረቻ የሚያደርግ ቫይረስ ይደበቃል። ታስክ ማናጀር ሲከፈት ራሱን የሚያቆም ዓይነትም አለ፤ በከፈትነው ቁጥር ፋኑ ዝም ብሎ ስንዘጋው መልሶ ከጮኸ ይህን እንጠርጥር፣ በዊንዶውስ ዲፌንደር ኦፍላይን ስካንም እናስፈትሽ። (የሰውን ሐቅ ያለ ፈቃድ የመጠቀም ሸሪዓዊ ጥያቄው ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።)

ወደ አቧራው ስንመጣ አካባቢያችንም ያግዘዋል። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑም ያንኑ ሙቀት ለማውጣት አብዝቶ ይዞራል። የበጋው አቧራ ሲጨመርበት ይብሳል። ደርስ ስናዳምጥ ደግሞ ላፕቶፑን ምንጣፍ ወይም መጅሊስ ላይ እናኖረዋለን፤ የብዙዎቹ አየር መሳቢያ ከሥር ስለሆነ ይታፈናል። ከሥሩ ትሪ ማድረግ ይበቃል።

አቧራው የሚጠራቀመው ፋኑና የብረት ክንፎቹ መካከል ስለሆነ ከውጭ በአፍ መንፋት ብዙም አይረዳም። የሚከፍተው ሰው ባትሪውን ያላቅ፣ ፋኑን በስቴኪኒ አስይዞ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረግ። ብዙ ዓመት ያገለገለ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ተርማል ፔስትም ስለሚደርቅ ይቀየር። ጩኸቱ ሰለቸን ብለን ፋኑን ማስነቀል ግን አይሆንም፤ ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፣ ካልበረደላቸውም ላፕቶፑ ድንገት ይጠፋል፤ ሴቭ ያልተደረገው ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል።

ለጠጋኝ ስንሰጥ አንድ ነገር እናስተውል። ፋን ለማጽዳት የይለፍ ቃል አያስፈልግም። የእናቶቻችንና የእህቶቻችን ፎቶ ካለበት ቀድመን ወደ ፍላሽ አውጥተን ከላፕቶፑ እናጥፋው። ስንረከብም እዚያው ሱቁ ውስጥ ከፍተን፣ ሩብ ሰዓት ጠብቀን፣ እጃችንን መውጫው ላይ አድርገን ሒሳቡን እንክፈል።