ልጄ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ይሂድ ወይ?

ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ ከቦርሳው አንዲት ወረቀት ይመዝና «እማዬ፣ እዚህ ላይ ፈርሚልኝ» ይላል። ክፍሉ በሙሉ የሂንዱና የቡድሃ አምልኮ ሥፍራዎችን ሊጎበኝ ነው። እናት እስክሪብቶውን እንደያዘች ትቀራለች። «ጣዖት ቤት?»

በቅድሚያ ሕጉን እንይ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ቅዱስ እያነበቡ ማስጸለይን ሲከለክል፣ ስለ ሃይማኖቶች ማስተማርን አልከለከለም። ማሳየት ይቻላል፤ ማስመለክ አይቻልም። ድንበሩ ግን ቀጭን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በማሳቹሴትስ የዌልስሊ ከተማ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች መስጊድ ሲጎበኙ ጥቂት ልጆች ከሰጋጆቹ ጋር አብረው ሰገዱ። ነገሩ በቪዲዮ ወጣና የትምህርት ኃላፊዋ ወላጆችን ይቅርታ ጠየቁ።

ለመሆኑ ልጆቹ ምን ያያሉ? በሜሪላንድ፣ ላንሃም በሚገኘው የሺቫ ቪሽኑ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ ጫማ ይወልቃል። አሜሪካዊው ልጅ ግራ ሲገባው፣ ቤተ ክርስቲያን ጫማውን እያወለቀ ያደገው የእኛ ልጅ ቀድሞ ፈትቶ ይጠብቃል። ውስጥ ደወል፣ ዕጣን፣ የዘይት መብራት፣ በአበባ ያጌጡ ምስሎች አሉ። ካህናቱ የሚጸልዩበትን ሳንስክሪት ከምዕመኑ ብዙው አይሰማውም። ግዕዝስ ለስንቶቻችን እንደዚያው አይደል? እኛ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩንን ሕንዳውያን መምህራን ምን እንደሚያምኑ እንኳ ጠይቀን አናውቅም ነበር።

በዋሽንግተን 16ኛው ጎዳና ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመ፣ የስሪላንካ መነኮሳት ያሉበት የቡድሃ ገዳም አለ። በእንዲህ ያለ ቦታ ተማሪው እግሩን አጣጥፎ ይቀመጥና እስትንፋሱን ብቻ እንዲከታተል ይነገረዋል። ለ13 ዓመት ልጅ አምስት ደቂቃ ዝም ማለት ቀላል ፈተና አይደለም! መነኮሳቱ ከቀትር በኋላ እህል አይቀምሱም። እኛ በዐቢይ ጾም ከቀትር በፊት አንበላም፣ እነሱ ከቀትር በኋላ። ይህን ልጁ ከመጽሐፍ ቢያነበው ለፈተና ይሸመድደው ነበር፤ ምሳቸውን ሲበሉ ካየ ግን አይረሳውም።

አስቸጋሪው ነገር ፕራሳድ ነው። ለአማልክቱ የቀረበ ፍራፍሬ ወይም ጣፋጭ ለእንግዳ ይታደላል። ለሰጪው ደግነት ነው፤ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ልጅ ግን ለጣዖት የቀረበ ምግብ ነው። ስለዚህ ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» ማለትን ከቤት ተምሮ ይሂድ። ግንባሩ ላይ ቀለም ሊቀቡት ቢመጡም እንደዚሁ። ለመምህሩም አስቀድሞ መንገር ነው።

በእኔ አስተያየት ወረቀቱ ይፈረም። አንድ ነገር ግን አይቀርልዎትም፤ ልጁ ሲመለስ «እኛስ ዕጣን የምናጥነው ለምንድን ነው?» ይልዎታል።

ትምህርት ቤቶች ለጉብኝት አጃቢ ወላጅ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። ከሥራ ፈቃድ ካገኙ አብረው ይሂዱ። ያልተቀደደ ካልሲ ማድረግዎን ግን አይርሱ።