አዲስ ሕብረ ሕዋስ ለሰው ከመተካቱ በፊት በእንስሳት ላይ የሚሞከረው ለምንድን ነው?

በእሳት፣ በፈላ ውኃ ወይም በኤሌክትሪክ አደጋ ሰፊ የቆዳ ክፍላቸውን ያጡ ወገኖችና ቤተሰቦቻቸው «በቤተ ሙከራ የተሠራ ቆዳ» ወይም «ሰው ሠራሽ የአየር ቧንቧ» የሚሉ ዜናዎችን ሲሰሙ፣ ይህ ሕክምና ለእኛ መቼ ይደርሳል ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ጥያቄው በአግባቡ የሚመለሰው ግን ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ሲመለስ ነው፤ ይኸውም የተባለው ሕብረ ሕዋስ በየትኛው እንስሳ ላይ፣ በምን ሁኔታና ለምን ያህል ጊዜ ተፈትኗል የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ተገልጋዮች ጉዳዩን ተረድተው ከሐኪማቸው ጋር እንዲመክሩ ለማገዝ ተዘጋጅቷል። ከሀገራችን ውጭ ለተፈጸሙ ክንውኖች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለጥልቅ ቃጠሎ በስፋት የሚሰጠው ሕክምና የታካሚውን የራሱን ቆዳ መተካት ነው። ቀዶ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ከጭን ላይ ስስ ቆዳ ገፎ ቁስሉን ያለብሳል፤ የተገፈፈው ቦታም በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን ይተካል። የራስ ቆዳ በመሆኑ ሰውነት አይቃወመውም። ይሁን እንጂ ከአካሉ ገጽ ከግማሽ በላይ የተቃጠለ ሰው የሚበቃ ጤናማ ቆዳ አይተርፈውም። በተጨማሪም በስሱ የተተከለ ቆዳ ከጊዜ በኋላ ሊኮማተር ስለሚችል አንገትን ወደ ደረት፣ ክርንን ወደ ላይኛው ክንድ ስቦ ሊያስር ይችላል።

የሕብረ ሕዋስ ምሕንድስና የተባለው የሙያ መስክ በስፋት የተጠቀሰው ይህን ችግር ለማቃለል በተደረገ ጥረት ነው። ቀዶ ሐኪሙ ጆን በርክና የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪው ዮአኒስ ያናስ ከበሬ ጅማት ከተገኘ ኮላጅንና ከሻርክ ለስላሳ አጥንት ከተገኘ ንጥረ ነገር፣ ስፖንጅ የመሰለ፣ ላዩ በስስ ሲሊከን የተሸፈነ ንጣፍ ሠሩ። ንጣፉን መጀመሪያ የሞከሩት ጊኒ ፒግ በሚባሉ ትናንሽ እንስሳት ላይ ነበር። ዓላማቸው ቁስሉ ቶሎ እንዲዘጋ ማድረግ ቢሆንም የታየው ተቃራኒው ነው፤ ቁስሉ በመኮማተር የሚዘጋበት ጊዜ ዘገየ። ለጊዜው ውድቀት የመሰለው ይህ ውጤት ዋናው ግኝት ሆነ። ቁስሉ ሳይኮማተር በቆየበት ጊዜ የእንስሳው ሕዋሳት ወደ ስፖንጁ ገብተው አዲስ የውስጠኛ ቆዳ ሠርተዋል፤ ስፖንጁም ቀስ በቀስ ሟሟ። በ1981 በከባድ ቃጠሎ የተጎዱ 10 ታካሚዎች ውጤት ታትሞ ወጣ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግን ምርቱን የፈቀደው በ1996 ነው። ከመጀመሪያው የሰው ሕክምና ዘገባ እስከ ፈቃዱ 15 ዓመት መፍጀቱን ልብ ይሏል።

የእንስሳው ዓይነት መመረጥ ያለበት በጥንቃቄ ነው። አይጥና ጊኒ ፒግ በቀላሉ ይረባሉ፣ ወጪያቸውም አነስተኛ ነው፤ ከቆዳቸው ሥር ግን ስስ ጡንቻ ስላለ ቁስላቸው በዋናነት የሚዘጋው በመኮማተር ነው። የሰው ቁስል ደግሞ በአብዛኛው የሚድነው አዲስ ቆዳ ከዳር ወደ መሐል እያደገ ነው። በዚህ ረገድ ለሰው የሚቀርበው አሳማ ነው፤ ቆዳው ወፍራም፣ ፀጉሩ ሳሳ ያለ፣ ከሥሩ ካለው አካል ጋርም በጥብቅ የተያያዘ ነው። ስለዚህ በአይጥ ላይ ብቻ ተሞክሮ የተሳካ የቆዳ ምርት ገና የመጀመሪያውን ደረጃ ማለፉን ብቻ ያመለክታል።

በ1997 ይፋ የሆነው፣ በጀርባዋ ላይ የሰው ጆሮ የበቀለባት የምትመስለው አይጥ ፎቶግራፍም በብዙዎች ዘንድ በተሳሳተ መንገድ ተተርጉሟል። ጆሮው የሰው አልነበረም፤ የጥጃ ለስላሳ አጥንት ሕዋሳት በጆሮ ቅርጽ በተሠራ ማዕቀፍ ላይ አድገው የተገኘ ነው። አይጧም ባዕድ አካልን የመቃወም አቅም የሌላት ሆና የተመረጠች ነበረች። ሙከራው ቅርጽን ማብቀል እንደሚቻል ቢያሳይም፣ ሙሉ የመከላከል አቅም ባለው ሰው ላይ ጆሮው ቅርጹን ይዞ እንደሚቆይ ማረጋገጫ አልሰጠም።

ይህ ደረጃ ሲዘለል የሚደርሰውን ጉዳት ስዊድን በመራራ መንገድ አይታለች። ፓኦሎ ማኪያሪኒ የተባለው ቀዶ ሐኪም በ2011 እና በ2012 በስቶክሆልም ካሮሊንስካ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለሦስት ታካሚዎች፣ ከመቅኔያቸው የተወሰዱ ሕዋሳት ያረፉበት የፕላስቲክ የአየር ቧንቧ ተከለ። የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በዓለም መገናኛ ብዙኃን እንደ ታላቅ ድል ተነገረ። ቧንቧው ግን አስቀድሞ በእንስሳት ላይ በበቂ ሁኔታ አልተፈተነም ነበር። ፕላስቲኩ ከአካል ጋር አልተዋሐደም፤ ሦስቱም ታካሚዎች ከጊዜ በኋላ ሕይወታቸው አልፏል። በ2023 የስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሐኪሙን በከባድ የአካል ጉዳት ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ በ2 ዓመት ከ6 ወር እስራት ቀጥቶታል።

የእንስሳት ሙከራ መኖሩም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከራስ ሕዋሳት የተሠራ የሽንት ፊኛ በውሾች ላይ ጥሩ ውጤት ካሳየ በኋላ በ2006 የ7 ታካሚዎች ዘገባ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ በተካሄደ ሌላ ጥናት ግን በሕመም የተጎዳ ፊኛ በነበራቸው ሕፃናት ላይ የተጠበቀው ጥቅም አልተገኘም። ውሾቹ ጤናማ ነበሩ፤ ሕፃናቱ ግን አልነበሩም።

በሀገራችን በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በሰው ላይ የሚደረግ ክሊኒካዊ ሙከራ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ ይሻል፤ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴም ሊመረምረው ይገባል። ስለሆነም «አዲስ ሕብረ ሕዋስ እንተክልልዎታለን» የሚል ጥሪ የቀረበለት ተገልጋይ የሚሰጠው አገልግሎት የተለመደ ሕክምና ነው ወይስ ሙከራ የሚለውን በቅድሚያ ይጠይቅ። ሙከራ ከሆነ የፈቃዱን ማስረጃ ማየት፣ በየትኞቹ እንስሳት ላይ እንደተፈተነና ከዚያ በፊት ሰዎች ታክመውበት እንደሆነ መጠየቅ፣ የስምምነት ቅጹን በሚገባው ቋንቋ አንብቦ ወይም ተነቦለት መረዳት መብቱ ነው። ስምምነቱን በማንኛውም ጊዜ ማንሣት ይችላል፤ በዚህም ምክንያት መደበኛው ሕክምና አይቋረጥበትም።

አንዳንድ ምርቶች ከበሬ፣ ከአሳማ ወይም ከዓሣ አካል የሚዘጋጁ በመሆናቸው፣ በሃይማኖትም ሆነ በአለርጂ ምክንያት ጥያቄ ያለው ታካሚ ምርቱ ከምን እንደተሠራ ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ ሐኪሙን ሊጠይቅ ይገባል።